በቡና ሰዓት የተወሰነው

የአንባቢ ደብዳቤ

«ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት የሂሳብ ክፍል ኃላፊ ነኝ። በሥሬ ዘጠኝ ሰዎች አሉ። ከአምስት ወር በፊት መስማት የተሳናት ሠራተኛ ቀጠርን። የጽሑፍ ፈተናውን ከሁሉም በልጣ ነው የገባችው። ሥራዋ ጥርት ያለ ነው፤ ባንክ ሪኮንሲሊየሽኑን (የእኛን መዝገብ ከባንኩ ጋር ማመሳከሩን) እሷ ከያዘችው ወዲህ እኔም እፎይ ብያለሁ። ክፍላችን የፍቅር ቤት ነው። ምሳ ከአንድ ትሪ እንበላለን፣ አስር ሰዓት ላይ ቡና አለ፣ ዕቁብ አለን፣ ለቅሶም ሠርግም አብረን ነን። እሷ ግን ምሳዋን ብቻዋን መብላት ጀመረች። ቡናም ቀረች። ባለፈው ወር ደግሞ የሂሳብ መዝጊያው ቀን መቅደሙን ሳታውቅ ሥራው ዘገየ። እኔም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጠኋት። ከዚያ በኋላ ልትለቅ እንደሆነ ጽፋ ነገረችኝ። ‹ሥራውን እወደዋለሁ፤ እዚህ ቤት ውስጥ መኖሬን የሚያውቅ ሰው ግን የለም› ይላል ወረቀቷ። ልጆቹ ‹ኮርታ ነው› ይላሉ። ሥራ አስኪያጃችን ‹አስተርጓሚ የምንቀጥርበት በጀት የለንም፤ ካልተመቻት ምን እናድርግ?› ብለዋል። እኔ እንድትሄድ አልፈልግም። ምን ይመክሩኛል?»

ግራ የገባው ኃላፊ

መልስ

ውድ ጠያቂ፣

በደብዳቤዎ ውስጥ አንድ ነገር ፈልጌ አጣሁ። መዝጊያው መቅደሙ ለቀሩት ስምንት ሰዎች እንዴት እንደተነገራቸው አልጻፉልኝም። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ወጣ? ኢሜይል ተላከ? ወይስ አስር ሰዓት ላይ ቡና እየተጠጣ «ለካ መዝጊያው ሐሙስ ሆኗል» ተባለና በዚያው ታለፈ? እንደ ክፍላችሁ አኗኗር ከሆነ የኔ ግምት ሦስተኛው ነው። እንዲያ ከሆነ ባልደረባዎ አላጠፋችም። ቀኑ አልተነገራትም። ማስጠንቀቂያው የተሰጠው ላልተነገረው ሰው ነው።

ጠንከር አድርጌ የጀመርኩት ልወቅስዎ ብዬ አይደለም። ክፋት እንደሌለብዎት ደብዳቤዎ ይናገራል። ግን መፍትሔው ያለው እዚህ ጋ ነው። እኛ አገር መሥሪያ ቤት ውስጥ ብዙ ነገር የሚወሰነው አጀንዳ ተይዞ በተጠራ ስብሰባ ላይ አይደለም። ቡና ላይ ነው፣ ምሳ ላይ ነው፣ ኮሪደር ላይ ነው። ኦዲተሮቹ መቼ እንደሚመጡ፣ የትኛው ደንበኛ ቼኩ እንደተመለሰ፣ አለቃ ዛሬ እንዴት እንዳደሩ፣ የደመወዝ ጭማሪው ወሬ የት እንደደረሰ የሚታወቀው እዚያ ነው። የሚሰማ ሰው ይህን ሁሉ ሳይለፋ ያገኘዋል። የሂሳብ ሶፍትዌሩ ፒችትሪ ላይ አቀርቅሮ ቫውቸር እያስገባ እንኳ ከጀርባው የሚወራውን ጆሮው ይለቅምለታል። እሷ ቀና ካላለች ምንም አይደርሳትም። ቀና ካለች ደግሞ ሥራዋ ይቆማል። ቀና ብላም ሁለት ሰዎች ሲስቁ ታያለች እንጂ በምን እንደሚስቁ አታውቅም። «በኔ ይሆን እንዴ?» ብትል ይፈረድባታል?

አሁን «ኮርታ ነው» ወደሚለው ልምጣ። እስቲ ምሳችሁን በእሷ ዓይን ይዩት። ዘጠኝ አስር ሰው አንድ ትሪ ከቦ ተቀምጧል። ሁሉም አንገቱን ደፍቷል። አንዱ እያኘከ ያወራል፣ ሌላው ሳያስጨርሰው ይቀበለዋል፣ ሦስተኛው ከወዲያ ማዶ ይስቃል። መስማት የተሳነው ሰው የሚያወራውን ሰው ፊት ማየት አለበት። ያን ፊት እየፈለገች ከአንዱ ወደ ሌላው ስትዞር ወሬው አልፏል። በምልክት ልመልስ ብትል እጇ ወጥ ነክቷል። ልብላ ብትል ወሬው ያመልጣታል፤ ወሬውን ልከታተል ብትል እንጀራው ያልቃል። በየቀኑ ይህን እያደረገች ከራበች በኋላ ብቻዋን ብትበላ የሚገርም ነገር የለውም። ድካም ነው።

ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ። ሁሉም ሲስቅ እሷ ጎኗ ያለችውን ልጅ «ምንድን ነው?» ብላ ትጠይቃለች። ልጅቷም በእጇ ምልክት «ተይው፣ ምንም አይደለም» ትላታለች። መስማት የተሳናቸው ሰዎች ደጋግመው ከሚናገሯቸው ቁስሎች አንዱ ይሄ ነው። ቤተሰብ ውስጥ፣ ትምህርት ቤት፣ ሥራ ቦታ፣ በሄዱበት ሁሉ «ተይው» ሲባሉ ነው ያደጉት። የሚያስቀው ነገር ተራ ቀልድ ሊሆን ይችላል። ግን ተራ መሆን አለመሆኑን መወሰን የነበረባት እሷ ናት። ለክፍልዎ ሰዎች አንድ ነገር ብቻ ማስተማር ቢችሉ ይሄን ያስተምሩልኝ፦ ስትጠይቅ ወዲያው ይነገራት። በሁለት ቃልም ቢሆን፣ ስልክ ላይ ጽፎም ቢሆን።

«ከንፈር ታነባለች እኮ» የሚል ሰው በክፍላችሁ አይጠፋም። ታነብ ይሆናል። ከንፈር ማንበብ ግን ግማሹ ግምት ነው። በ፣ መ እና ፐ ከንፈር ላይ አንድ ናቸው። ከ፣ ቀ እና ገ ጉሮሮ አካባቢ ስለሚፈጠሩ ጭራሽ አይታዩም። «ሰባ» ለማለት የተከፈተ አፍ እና «ሰማ» ለማለት የተከፈተ አፍ አይለዩም ማለት ይቻላል። ሂሳብ ክፍል ውስጥ ቁጥርን በከንፈር መንገር ስህተትን ጠርቶ ማምጣት ነው። ቁጥር፣ ቀንና ስም ሁልጊዜ በጽሑፍ ይሁን። አለቃ ሲያወራም ጀርባውን ለመስኮት ሰጥቶ አይቁም፤ ፊቱ ይጨልማል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ለእሷ ወሬውም አብሮ ይጠፋል። በመዝጊያ ሰሞን አምሽታችሁ የምትሠሩ ከሆነ ጠረጴዛዋ ላይ ቻርጅ የሚደረግ መብራት ይኑር።

እንግዲህ ምን ያድርጉ? መጀመሪያ ያን ማስጠንቀቂያ ያንሱ። ከሁሉም በፊት። ሥልጠናውም፣ የምልክት ቋንቋውም፣ የቡናው ሥርዓትም ከዚያ በኋላ ይመጣል። ማስጠንቀቂያው በግል ማኅደሯ ውስጥ እስካለ ድረስ ሌላው ደግነት ሁሉ ማባበያ ሆኖ ነው የሚታያት። በጽሑፍ የተሰጠ በጽሑፍ ይነሳ፣ ግልባጩም ለሰው ኃይል ይድረስ። ከዚያ ለእሷ በወረቀት ወይም በመልእክት እንዲህ ብለው ይጻፉላት፦

«ባለፈው ወር የመዝጊያው ቀን መቅደሙ ለሌሎቹ በቃል ተነግሯል፤ ለአንቺ ግን አልደረሰሽም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ማስጠንቀቂያውን አንስቻለሁ፤ ደብዳቤው ተያይዟል። እንድትቀጥዪ እፈልጋለሁ። ከመወሰንሽ በፊት ሥራው እንዲመቸሽ ምን መለወጥ እንዳለበት ካንቺ መስማት እፈልጋለሁ። በጽሑፍ እንነጋገር ወይስ አስተርጓሚ ይገኝ? የምትመርጪውን ንገሪኝ፣ ቀኑን በዚያው እናመቻቻለን።»

የመጨረሻውን ጥያቄ አይተውት። መስማት የተሳናቸው ሰዎች ሁሉ መጻፍ ይመቻቸዋል ማለት አይደለም። ለብዙዎቹ የመጀመሪያ ቋንቋቸው የምልክት ቋንቋ ነው፤ አማርኛ ሁለተኛ ነው። ሂሳብ ላይ አንደኛ የወጣች ሰው ስለ ልቧ በአማርኛ መጻፍ ሊከብዳት ይችላል። እሷ ትምረጥ።

እባክዎ ወንድሟን ወይም እናቷን አይጥሩ። ይህን የምለው ብዙ አለቆች በቅንነት የሚያደርጉት ነገር ስለሆነ ነው። «ቤተሰቧን እናነጋግር፣ ይምከሯት» ይባላል። እሷ ደመወዝ የምትቀበል፣ ግብር የምትከፍል አዋቂ ሰው ናት። ሌላው ሠራተኛዎ ሊለቅ ሲል ወንድሙን አይጠሩም። የእሷንም አይጥሩ።

ጊዜ ደግሞ አለዎት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ ለአሠሪው የ30 ቀን ቅድመ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። የሙከራ ጊዜዋን ጨርሳለች፤ ስለዚህ የመልቀቂያ ደብዳቤዋን ዛሬ ብታስገባም አንድ ወር አለ። በአንድ ወር ውስጥ ብዙ ነገር መለወጥ ይቻላል። ያን ወር ግን «ሐሳቧን ትቀይር ይሆናል» ብለው ቁጭ ብለው አይጠብቁት።

ሥራ አስኪያጁን በተመለከተ፣ «ካልተመቻት ምን እናድርግ» የሚለው መልስ ሕጉንም ያላየ መልስ ነው። ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አለ። አሠሪው ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ የሥራውን ሁኔታ እንዲያመቻች፣ እንዳስፈላጊነቱም ረዳት እንዲመድብ ያዛል። አድልዎ ደርሶብኛል ብሎ የሚከስ ሰው ማስረጃ የማቅረብ ሸክም እንዳይኖርበትም አድርጓል። ማለትም አድልዎ እንዳልፈጸመ ማሳየት ያለበት ድርጅቱ ነው። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም ተገቢውን ማመቻቸት መከልከልን ራሱን እንደ አድልዎ ይቆጥረዋል። ይህን ለሥራ አስኪያጁ ሲነግሯቸው ማስፈራሪያ አያድርጉት። ብቻቸውን ባሉበት፣ በአክብሮት፣ ሕጉን አትመው ይዘው ይግቡ። ሰው ፊት የተነገረው አለቃ እልህ ይይዘዋል።

በጀቱም እንደሚያስፈራው አይደለም። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ በየቀኑ፣ ከጠዋት እስከ ማታ አያስፈልጋችሁም። የሚያስፈልገው ቁርጥ ባለ ቀን ነው። የሥራ አፈጻጸም ግምገማዋ ሲሞላ፣ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ተዘግቶ ክፍሉ ሲገመገም፣ አዲስ ሶፍትዌር ላይ ሥልጠና ሲሰጥ። ለእነዚህ ቀናት በቀን ሂሳብ የሚከፈለው ሰው በቂ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ በዲግሪ ያስተምራል፤ ከዚያ የወጡ ባለሙያዎች አሉ። የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር ጋም ሄዶ መጠየቅ ይቻላል። የእሷን ግምገማ ባልደረባዋ እንዲያስተረጉም ግን አይጠይቁ። የማንም ደመወዝና ነጥብ በጓደኛ አፍ አይተላለፍም።

ከበጀት ውጭ ያለው ነገር ደግሞ ይበዛል። የክፍላችሁን የቴሌግራም ግሩፕ ይክፈቱት። ስንቱ መልእክት ቮይስ ነው? ዛሬ ሰው መጻፍ ሰልችቶት ሁሉን ነገር በድምፅ ይልካል። የሥራ ግሩፕ ላይ ቮይስ መላክ ከነገ ጀምሮ ይቁም። ሁለተኛ፣ በምሳም በቡናም የተወሰነ ማንኛውም የሥራ ነገር ግሩፑ ላይ እስኪጻፍ ድረስ አልተወሰነም። ይህን ሕግ መጀመሪያ የሚጥሱት እርስዎ ራስዎ ይሆናሉ፤ የክፍሉ ወሬ ሁሉ መነሻው አለቃ ነውና። ስለዚህ እንዲያስታውስዎ አንድ ሰው ይመድቡ። ሰውየው በየሳምንቱ ይቀያየር፣ እሷም ተራዋ ሲደርስ ትያዝ።

ዕቁቡንም አይርሱ። ስትገባ ዕጣ ውስጥ ትግባ ወይስ አትግባ የጠየቃት ሰው አለ? የባልደረባ አባት ሲሞት መርዶው በስልክ ነው የሚመጣው፤ እሷ ለቅሶው ካለፈ በኋላ ሰምታ ከሆነ በባልደረባዋ ዘንድ ለቅሶ ያልደረሰች ሆና ትቆጠራለች። እኛ ዘንድ ደግሞ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። «ኮርታ ነው» የሚለው ስም ከዚህ መጥቶም ይሆናል። ማን ምን እንደነገራት ይጠይቁ፤ መልሱ «እኔ ሌላው የነገራት መስሎኝ» እንዳይሆን እፈራለሁ።

የምልክት ቋንቋ መማርን በተመለከተ ከፊደሉ ጀምሩ። የእጅ ፊደላችን ለራሳችን ፊደል ተብሎ የተበጀ ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል የእጅ ቅርጽ አለው፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ድምፆች ደግሞ በእጁ እንቅስቃሴ ይለያሉ። ሀሁ የቆጠረ ሰው ሥርዓቱ ቶሎ ይገባዋል። በፊደል ብቻ ጥልቅ ወሬ አይወራም፤ ግን «ሐሙስ»፣ «ቼክ»፣ «ና ቡና» ማለት ይቻላል። ከዚያ ሰላምታውን፣ ቁጥሩን፣ የሥራ ቃላቱን ትጨምራላችሁ። እሷ ራሷ ላስተምር ካለች እሰዬው። ግን በምሳ ሰዓቷ አይሁን። የሥራ ሰዓት ይመደብለት፣ ሥራዋም ተብሎ ይመዝገብላት፣ እርስዎም ከፊት ተቀምጠው ይማሩ። ማስተማር አልፈልግም ካለችም መብቷ ነው። ሂሳብ ልትሠራ ነው የተቀጠረችው።

አንድ ነገር አጥብቄ አደራ የምልዎት አለ። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ክፍሉ ወደ ማዘን እንዳይገባ። «ምስኪን» ማለት ሲጀመር ሥራዋን ማቅለል ይከተላል። ከባዱ ደንበኛ ይነሳባታል፣ ስህተቷ በዝምታ ይታለፋል፣ ሲኒየርነት ሲመጣ «ስብሰባ ይበዛበታል፣ አይሆናትም» ይባላል። ያ ጓዳ ውስጥ የሚወሰን ሌላ ውሳኔ ነው። ስህተት ከሠራች ይነገራት። ዕድገት ከተገባት ትወዳደር፤ ስብሰባው ቢበዛ እንኳ የሚስተካከለው ስብሰባው ነው። እርስዎ ራስዎ ሪኮንሲሊየሽኑ እሷ እጅ ከገባ ወዲህ እፎይ ብያለሁ ብለዋል። ይህን ለሥራ አስኪያጁ ነግረዋል? ለእሷስ?

ለልጆቹ ሲያወሩ እሷ በሌለችበት ሰብስበው ስለ እሷ አይስበኩ። ወሬው ይደርሳታል፤ ባይደርሳትም ፊታቸው ላይ ታነበዋለች። ስለ አሠራሩ ብቻ ይናገሩ። «ባለፈው ወር መዝጊያው በአፍ ስለተነገረ ሥራ ተበላሸ፤ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ከእንግዲህ እንዲህ አንሠራም» ካሉ ይበቃል። እውነትም ስለ እሷ ብቻ አይደለም። እንዲህ ያሉ ሰዎችም በክፍላችሁ ይኖሩ ይሆናል፦ ከወሊድ የተመለሰችውና ልጇን ለማጥባት ቀደም ብላ የምትወጣው ባልደረባችሁ ቡናው ላይ የለችም። ቀኑን ሙሉ ባንክ ለባንክ የሚዞረው ልጅም የለም። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነው አዲሱ ልጅ ደግሞ እዚያ ቢኖርም በዚያ ፍጥነት የሚወራው ግማሹ ያመልጠዋል። ሥጋው የክርስቲያን ወይም የሙስሊም ስለሆነ ከትሪው የሚነሳ ሰውም ይኖራል። የተጻፈ ውሳኔ ለሁሉም እኩል ይደርሳል። እርስዎ አንድ ሰው ተነጥሏል ብለው ጻፉልኝ እንጂ ዝም ብለው የሚያልፉት ሌሎች ሊኖሩ ይችላሉ። እስቲ ዞር ብለው ይዩ።

ቡናውንና ምሳውን ግን እንዳያጠፉት። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ያነበበ ሰው «እንግዲያው በሥራ ቦታ ወሬ ይቅር» ሊል ይችላል። ያ ትልቅ ጥፋት ነው። ቡናው ክፍላችሁን ያቆመ ነገር ነው። ሰው ሁሉ ሰው ሁሉን እንዲያይ ክብ ሠርታችሁ ተቀመጡ፣ አንዱ ሲያወራ ሌላው ይጠብቅ፣ ሊናገር የፈለገ እጁን ያንሳ። መጀመሪያ ላይ ትምህርት ቤት ይመስላል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን ድሮም ቡና ላይ አንገቷን ደፍታ ዝም ትል የነበረችው ዓይን አፋር ባልደረባችሁ ስታወራ ትሰማላችሁ። ምሳ ላይ እንድትመለስ ግን አይጫኗት። ከእናንተ ጋር መብላት መልሶ እስኪጥማት ጊዜ ይፈጃል፤ አልፈልግም ካለችም ምሳዋን ብቻዋን መብላቷ የሥራ ጉዳይ አይደለም።

ይህን ሁሉ አድርገው ትሄድ ይሆናል። ሰው የሚለቀው አንድ ቀን አይደለም፤ ልቧ ከወር በፊት ወጥቶ ይሆናል። ያኔ የምትለቅበትን ቀን አያስጨንቁባት። የሥራ ልምድ ደብዳቤዋን በሰዓቱ ይስጧት፤ ደረቅ የሆነውን የተለመደ ፎርም ሳይሆን ምን ምን እንደሠራች የሚዘረዝር ይሁን። የማስጠንቀቂያው መነሳትም ማኅደሯ ውስጥ ይቀመጥ። ፈቃደኛ ከሆነች ምን እንደጎዳት እንድትጽፍልዎት ይጠይቋት፤ ካልፈለገች ግን አይጎትጉቷት። የቴሌግራሙ ሕግና የተጻፈው ውሳኔም እሷ ስለሄደች አይቅር። በእሷ ቦታ ለሚወጣው የቅጥር ማስታወቂያ «አካል ጉዳተኞች እንዲያመለክቱ ይበረታታሉ» የሚል መስመር ከመጨመርዎ በፊት ይሄ መስተካከሉን ያረጋግጡ።

ማስጠንቀቂያውን ግን ዛሬውኑ ያንሱት፤ እስከ ሰኞ አያቆዩት። ከእሷ ጋር ተነጋግራችሁ ምን ላይ እንደደረሳችሁ ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል።